አንዲት «ን»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨርቅ ሲሆን ለክቼ ነው የምቆርጠው፤ በባሌ ጉዳይ ግን መጀመሪያ እቆርጥና ኋላ እለካለሁ።

ባሌ ሊፍት ይጠግናል። አዲሶቹ ሊፍቶች ከነመመሪያቸው በስፓኒሽ መጡና መሥሪያ ቤቱ ኮርስ አስገባው። መምህሯ ሴት ናት። ጆሮዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ይማራል፤ ሦስቱንም ቀን ሸሚዙን ይተኩሳል። «ለሰዋስው ነው እንዴ የሚተኮሰው?» ስለው ይስቃል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ሰኞ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣሁ። የስፓኒሹን ቃል የሚጽፈው በእኛው ፊደል ነው፤ ትርጉሙን ከጎኑ ያስቀምጣል። «ካሳዶ፦ ያገባ» ይላል። ደግ። ገጹን ሳገላብጥ፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ «ኖ ኤስቶይ ካሳዶ» የሚል አገኘሁ። «ኖ» ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ኮርስ መግባት አያስፈልግም። አላገባሁም! ቀለበቱን «ማሽን ይይዘዋል» እያለ የሚያወልቀው ለካ ለዚህ ነው! አራት ዓመት የኖርኩበት ትዳር በሦስት ቃል ፈረሰብኝ።

ከሰዓት በኋላ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ የሚማርበት ክፍል ደረስኩ። ተማሪዎቹ ገና አልገቡም፤ መምህሯ ሰሌዳ ትጠርጋለች። ደብተሩን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋሁት።

«ይኼን የጻፈልሽ ሰውዬ ባሌ ነው!»

አነበበችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ውይ እህቴ! ‹ደክሟችኋል ወይ?› ብዬ ጠይቄያቸው እኮ ነው። የደከመው ማለት ‹ካንሳዶ› ነው። አልደከመኝም ሊል ፈልጎ አንዲት ‹ን› ዋጠና አላገባሁም አለ። ክፍሉ በሙሉ ሲስቅበት፣ ‹አግብቻለሁ እንጂ! ይኼን ሸሚዝ የሰፋችልኝ ሚስቴ ናት› ብሎ ተነሥቶ አሳየን።»

እፎይ አልኩ። አፍሬያለሁ፤ ደስታዬ ግን ከሐፍረቴ በለጠ። ዘወር ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩና ነገሩን በቀልድ ላልፈው ፈለግሁ።

«እሺ ጌታው፣ አንተ የትኛው ነህ? ካሳዶ ነህ ወይስ ካንሳዶ?»

አልሳቀም።

«ሁለቱንም» አለ።

መምህሯ ወደ ሰሌዳዋ ዞረች። ደብተሩን ዘረጋሁለት። እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አንቺው ጋ ይቀመጥ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነገ ስትፈትሺ እንዳትቸገሪ።»