ዘር ነው ብሎ የተወው ሰርግ

ተመራማሪዋ ከአፏ ያመለጠውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀባት።

ነገሩ የሆነው በእናቷ ቤት፣ ምሳ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የምታጠናው ከአንድ የክር ፋብሪካ ቃጠሎ የተረፉ ሠራተኞችን ነበር፤ የደረሰባቸው ድንጋጤና ጭንቀት ደማቸው ውስጥ ምን እንደሚተው ትመረምራለች። የመጀመሪያው ውጤት እጇ በገባ ሰሞን እናቷ ምን እንዳገኘች ጠየቀቻት። እሷም በደስታ ተሞልታ፣ መከራ የሰው ጂን ላይ ምልክት ይተዋል፣ ምልክቱም ለልጅ ይተላለፋል አለች። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ከምግቡ ጋር አብራ ዋጠቻት።

ታናሽ ወንድሟ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር። የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው፤ በልጅነቱ ያገኘውን ብሎን ሁሉ ኪሱ ስለሚከት በቤት ውስጥ «ብሎን» ነው የሚባለው። ያን ቀን ምሳውን በልቶ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። በሳምንቱ ግን የሰርግ ቀን ቆርጦላት ለነበረችው እጮኛው፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ሰርጉ ቀርቷል ብሏት ሄደ።

ምክንያቱን ለቤተሰቡ አልተናገረም። ከወራት በኋላ እውነቱን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ላቦራቶሪው ድረስ መጣች።

«ሌላ ሴት መጥታበት መስሎኝ ነበር» አለቻት። «ለካስ የመጣበት የእርስዎ ሳይንስ ነው።»

አባታቸው የበኩር ልጁንና ቤቱን ጎርፍ ከወሰደበት በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ ግድግዳ እያየ የሚውል ሰው ነበር። ብሎንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንቅልፍ እየራቀው፣ አውቶቡስ ስር ሲገባ ደረቱ እየጠበበ ተቸግሮ ኖሯል። የእህቱን ንግግር ሲሰማ ሁለቱን ነገር አገናኘና በራሱ ላይ ፈረደ፤ ልብስ ሰፊዋ አጥብቃ ብትጠይቀው፣ የአባቴን በሽታ ለልጆችሽ አላወርስም፣ እህቴ አረጋግጣዋለች አላት።

ተመራማሪዋ ያኔውኑ ወንድሟ ዘንድ ሮጠች። ግን ጥፋቷን ማመን ከብዷት ስለ ኤፒጄኔቲክስ፣ ኑሮ በጂን ላይ ስለሚተወው ምልክት፣ ረጅም ትምህርት ሰጠችው። እሱም ለእኔ ብለሽ እውነቱን አታለዝቢው አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። አፍራ ወጣች።

ጥናቱ ቀጠለ። የፋብሪካው ሠራተኞች ምክርና ሕክምና ሲያገኙ፣ አዲስ ሥራም ሲይዙ ከረሙ። በሁለተኛው ዓመት ደማቸው እንደገና ሲታይ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ምልክቱ ደብዝዞ ነበር። ተመራማሪዋ ከመደሰት ይልቅ ፈራች። አጥብቃ የምትመኘውን ነገር ነበር ያገኘችው፤ ስለዚህ የራሷን እጅ ጠረጠረች። ፀጉራቸው የሸበተውን የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የትኛው ደም የማን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ ቁጥሩን ሸፍነው ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዲሠሩት ለመነቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«ብልቃጦቹ ከአንቺ ጋር ተማክረው ካልሆነ በቀር፣ ውጤቱ ያው ነው» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ሄደች። ብሎን ከመጠገኛው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ስር ነበር። የዘይት ሽታው መሃል ቁጢጥ ብላ ያገኘችውን ነገረችው።

«ጠፋ ነው የምትዪኝ?» አለ፣ መፍቻውን ሳያስቀምጥ።

«የሁሉም አልጠፋም። ያልተለወጠባቸውም አሉ፤ ያጠናኋቸው ሰዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ግን ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም።» ከዚያ ሁለት ዓመት የከበዳትን ተናገረች። «ለልጅ ይተላለፋል ያልኩትን ደግሞ አላየሁትም። እኔ አንድም ልጅ መርምሬ አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ነው፤ አጥፍቻለሁ።»

ብሎን መፍቻውን አስቀምጦ ከጉድጓዱ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ እታለም» አለ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተወለደ ልጅ ሳስታምም ኖሬያለሁ ማለት ነው።»

ሳቁ ሲጀምረው ዓይኑ እንባ ሞላ። በጨርቅ ሲጠርገው ፊቱ ሁሉ ግሪስ ሆነ፤ እሷም እየሳቀች አለቀሰች።

መጀመሪያ የሄዱት እንቅልፍ ማጣቱንና የደረቱን መጥበብ ለሚያይ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ የሚታከም ነገር ነው ብሎ ቀጠሮ ሰጠው። ከሳምንታት በኋላ፣ እንቅልፉ መለስ ማለት ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ድረስ እንድትሸኘው እህቱን ለመናት። እሷ መንገዱን ተሻግራ ቆመች።

በመስታወቱ ውስጥ ይታያሉ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም፤ እሱ ቆሞ ይናገራል። ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ መኪናው ቆመ። አሁን ቀኑን የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ አንተም ሕክምናህን አታቋርጥም እንዳለችው ተመራማሪዋ በኋላ ሰምታለች። በዚያች ሰዓት ያየችው ግን ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንስታ ቦታ ስትለቅለት ነው።

ተመራማሪዋ ትከሻዋ ቀለላት። ድንገት ራባት። ጥጉ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝታ፣ የሰው ዓይን ሳታፍር መንገድ ለመንገድ እየገመጠች ወደ ሥራዋ ሄደች።