ገጹ እምቢ ካለሽ አልፈሻል

ሚጡና አክስቷ የነርስነት ሙያ ፈቃድ ፈተና የተፈተኑት በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ ጀርባና ጀርባ ተቀምጠው ነው። ሚጡ ከኮሌጅ ገና መውጣቷ ነበር። አክስቷ ግን ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት አልጋ ስታነጥፍ፣ በሽተኛ ስታገላብጥ ኖራ፣ የማታ ትምህርቷን በስተርጅና የጨረሰች ሴት ናት። «በስተርጅና» የምትለው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲላት አትወድም። በሽተኞቹ ድሮውንም «ሲስተር» ነው የሚሏት። እሷ «ረዳት ነኝ» ትላቸዋለች፣ እነሱም «እሺ ሲስተር» ይላሉ።

ፈታኙ መሥሪያ ቤት «ውጤት እስኪገለጽ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ የታገሠ ሰው የለም። አንዱ ኮምፒዩተሩ ቶሎ ከተዘጋ ማለፍ ነው አለ። ሌላው ቶሎ ከተዘጋ መውደቅ ነው አለ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መድኃኒት መጠን ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው ያለችም ነበረች፤ የእሷ የመጨረሻ ጥያቄ ስለ መድኃኒት መጠን ነበር።

የሚጡ የክፍል ጓደኛ ግን የተሻለ ነገር ይዛ መጣች። ቅጽል ስሟ ራዲዮ ነው፤ የሰማችውን ሳታስተላልፍ አታድርም።

«በድረ ገጹ እንደ አዲስ ለፈተና ለመመዝገብ ሞክሪ» አለቻት በስልክ። «ገጹ እምቢ ካለሽ አልፈሻል። ያለፈ ሰው ድጋሚ አይመዘገብማ።»

«ከተቀበለኝስ?»

«ያው ነዋ።»

«አንቺን ምን አለሽ?»

«እኔማ አልሞከርኩም። ልቤ አይችልም።»

ሚጡ የእናቷን የባንክ ካርድ ተቀብላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እንደቆመች ሞከረች። ገጹ ሲሽከረከር ቆየና «ምዝገባዎ ተቀባይነት አላገኘም» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሚጡም አልጠየቀችም። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ አጠገቧ ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር፣ ልጇ ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቀቻትም።

እዚያ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። ግን ደስታዬን ብቻዬን አልበላም ብላ የአክስቷንም ሞከረች። መጀመሪያም ያስመዘገበቻት እሷ ስለሆነች፣ የይለፍ ቃሉም የአክስቷ ካርድ ቁጥርም ስልኳ ውስጥ ነበር። ገጹ ምንም አላመነታም። «ምዝገባዎ ተጠናቋል፤ መልካም ዕድል» ብሎ የፈተና ቀን ሰጠ።

«አክስቴ ወድቃለች» አለች ሚጡ።

«ማን አለ?» አለች እናቷ።

«ገጹ ተቀበላት።»

ሚጡ ደጋግማ ካስረዳቻት በኋላ እናትየው ነገሩ ገባት። «እኔ መቼም ሰው ሲቀበለኝ ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር» አለች።

ነገሩ በድንገት እንዳይነገራት፣ ልቧ ቀስ በቀስ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። በማግሥቱ እናትና ልጅ ፍራፍሬ ይዘው አክስት ቤት ሄዱ። አክስት ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«አንቺ እኮ ያለ ወረቀትም ነርስ ነሽ» አለች እናትየው ገና ከበሩ።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም። ዋናው ጤና ነው ለማለት ነው።»

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመ።»

አክስት ፍራፍሬውን አየችው። ሚጡን አየቻት፤ ሚጡ ጣራ ጣራውን ታያለች። ሆስፒታል ውስጥ መርዶ የያዘ ሰው ፊት ስንቴ አይታለች።

«ንገሩኝ። ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም» አለች ሚጡ። «ወድቀሻል።»

«ከምን ላይ?»

«ከፈተናው።»

አክስት የገጹን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እግሯን አወጣች፣ በፎጣ አደረቀች፣ «እሺ» አለች። ለእንግዶቿ ብርቱካን ላጠችላቸው። ሲሄዱ መጽሐፎቿን ካርቶን ውስጥ ከትታ፣ ካርቶኑን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። በነጋታው ሥራ ገብታ እንደ ወትሮው አልጋ አነጠፈች። አንድ ሽማግሌ «ሲስተር» ብለው ጠርተዋት መልስ ሲያጡ፣ «ዛሬ ‹ረዳት ነኝ› አትዪኝም እንዴ?» አሏት።

«ዛሬስ ተረጋግጧል» አለቻቸው።

እውነተኛው ውጤት በአጭር መልእክት መጣ። የአክስት «አልፈዋል» ይላል። የሚጡ «አላለፉም»። ሚጡ መልእክቶቹ ተቀያይረው ይሆናል ብላ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። አልተቀያየሩም። በእናቷ ካርድ ውስጥ ገንዘብ እንዳልነበረ ደግሞ ያን ቀን ታወቀ። እምቢ ያለው ባንኩ ነበር።

ሚጡ ተከናንባ ተኛች። አክስቷ መጥታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች ሚጡ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«የኔን ሐዘን እናንተ ቀድማችሁ ጨርሳችሁልኛል» አለች አክስት። «አሁን ያንቺን ላግዝሽ።»

ሚጡ ልትስቅ ፈለገች፤ የመጣላት ግን ለቅሶ ነው። አክስቷ በብርድ ልብሱ ላይ እግሯን ይዛላት ቆየች።

የአክስት ፈቃድ ግን ሊታተም አልቻለም። ተያይዘው መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አየ።

«አልፈዋል» አለ። «ነገር ግን ለሚቀጥለው ፈተና ተመዝግበዋል። የተመዘገበ ሰው ፈቃድ አይታተምለትም።»

«ካለፍኩ ታዲያ ገጹ ለምን ተቀበለኝ?»

«ገጹ የከፈለን ሁሉ ይቀበላል።»

ሚጡ ጫማዋን አየች።

«እንግዲያው ይሰረዝልኝ» አለች አክስት።

«የሰረዘ ሰው ‹አቋራጭ› ተብሎ ይያዛል። ለአቋራጭም አይታተምም።»

«ለዚች ለእህቴ ልጅ ይዛወርላት።»

«ስም አይቀየርም።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ይፈተኑ።»

«ብወድቅስ?»

«ያለፈ ውጤት አይነካም። መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።»

አክስት ለመጨቃጨቅ አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አየችና ዘጋችው። ሚጡም እዚያው ተመዘገበች፣ ከአክስቷ ጋር በአንድ ቀን እንድትፈተን።

ከዚያ በኋላ አክስት ከሥራ ስትወጣ እህቷ ቤት ትመጣለች፣ ካርቶኑንም ይዛ መጥታለች። ሚጡ ታነባለች፣ አክስት ትጠይቃለች፤ ደክሟት ስታንጎላጅ ደግሞ ሚጡ ትጠይቃታለች።

«አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አለቻት ሚጡ አንድ ቀን። «መቀመጥ ብቻ ነው ተብሏል።»

«እዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዝም ብዬ ኮምፒዩተር ላይ ሳፈጥ ልዋል? ያሳፍራል።»

የፈተናው ጠዋት ሚጡ የአዳራሹ በር ላይ ቆመች።

«አልገባም» አለች።

«እኔም መግባት አልፈልግም» አለች አክስት። «እኔ እንኳ ምክንያት አለኝ፤ አልፌያለሁ። ነይ።»

ገቡ። አክስት ቀድማ ወጥታ ጥላ ሥር ጠበቀቻት። ሚጡ ስትወጣ ስንት ጥያቄ መጣልሽ፣ ኮምፒዩተሩ መቼ ተዘጋ አላለቻትም። ውሃ ሰጠቻት። የሚጡ ስልክ ጠራ፤ ራዲዮ ነበረች። ሚጡ ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ ገጹን እንዳትነካካ፣ የይለፍ ቃሏን አክስቷ ቀይራ እንድትይዝባት ሰጠቻት።

ውጤቱ ሲመጣ ሚጡ አለፈች። አክስት ወደቀች፣ ለጥቂት።

እናትየው ሁለቱን መልእክቶች ደግማ አነበበች። «አሁን እንደሰት ወይስ እንዘን?» አለች።

«እናንተ ተመካከሩ» አለች አክስት። «እኔ ሥራ ይረፍድብኛል።» ግን ከበሩ ተመልሳ ሚጡን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀቻትም።

ፈቃዳቸው በአንድ ሳምንት ታተመ። አክስት ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች። እሷ በዚያው በምትሠራበት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደበች፣ ሚጡም እዚያው ሕፃናት ክፍል። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኞች መመገቢያ ተገናኙ። ሚጡ ልብሷ ላይ አንድ ሕፃን አስመልሶባት ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ማውራት እስኪያቅታቸው ደክሟቸው፣ ምሳቸውን በሉ።