የማይሰፋ ሱሪ

«ለሚመለከተው ሁሉ! በዛሬው ዕለት፣ በረፋዱ ሰዓት፣ በቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ራስጌ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከነአስኳሉ፣ ያለ ማንም እርዳታና ያለ አንዳች ማስመለስ፣ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ መጠናቀቁን ስናበስር ከፍ ያለ ኩራት ይሰማናል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ የበዪው እናት፣ ባለቤትና ብቸኛ ልጅ ተገኝተዋል። ሁለተኛ እንቁላል ለመብላት ለጊዜው ምንም ዓይነት ዕቅድ የለም። አመሰግናለሁ።»

ልጅቱ መግለጫዋን ስትጨርስ እንደ ድምፅ ማጉያ የያዘቻትን የሻይ ማንኪያ ለአባቷ መለሰችለት። አያቷ አጨበጨቡ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ በከንፈሯ መርፌ እንደያዘች፣ «እሰይ!» አለች።

በሌላ ቤት አንድ እንቁላል ወሬ አይሆንም። እዚህ ቤትም ቢሆን ድሮ አይሆንም ነበር። ድሮ እንቁላል ማለት አባትየው ዋናው ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ አፉን የሚያሟሽበት ነገር ነው፤ በነጠላ ቁጥርም አያውቀውም።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚችው «ነበር» ነው። መንዳት ያውቅበታል፤ ያን ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ላይ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ነበር የሚያሳልፈው። ግን ሆዱ ከዓመት ዓመት ወደ ፊት እየገፋ መጥቶ በመጨረሻ መሪው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ቢገፉት፣ ቢገፉት፣ የሚሄድበት ሐዲድ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክላክስ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ክላክስ። የሹፌሩ እጅ የለበትም፤ ጥሪው ሁሉ የሆድ ነው። መንገደኛ ይደነግጣል፣ ብስክሌተኛ ይወድቃል፣ ውሻ ይሳደባል። አንድ ቀንማ «እባክዎ ጸጥታ ያክብሩ» ከሚል የሐኪም ቤት ምልክት ሥር ሲታጠፍ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አስጮኸው። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው በሽተኞች ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አሉ፤ ይህ ግን እንደ በጎ ሥራ አልተቆጠረለትም።

የአውቶቡሶቹ ማደሪያ የሆነው ዴፖ ሰዎች «ጋሼ ክላክስ» ብለው ስም አወጡለት። የስምሪት ኃላፊው ደግሞ ከመሪው አንስቶ ቲኬት መሸጫ መስኮት ውስጥ አስቀመጠው። ሹፌር ቲኬት መስኮት ውስጥ ማለት አሣ ብርጭቆ ውስጥ ማለት ነው፤ ይዋኛል እንጂ የትም አይደርስም። በየጠዋቱ አንድ ጎረምሳ ተተኪ የእሱን አውቶቡስ ማርሹን እያንቋረረ ሲያወጣው ያያል፤ እያንዳንዷ ማርሽ የገባችው ደረቱ ውስጥ ይመስለዋል። ወደ ቀዶ ሕክምናው የነዳው ይኼው ነው። የሐኪም ምክርማ ለዓመታት በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው የኖረው።

ሐኪሞቹ ጨጓራውን ቆርጠው አንድ ሙዝ የሚያህል አደረጉለት። ኃላፊውም ቃል ገባለት።

«ቅዳሜ ከሰዓት ና። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ፣ ቀበቶ ታስራለህ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ ታዞራለህ። ክላክሱ ዝም ካለ አውቶቡሱ ያንተ ነው። ከጮኸ ግን ለተተኪው በቋሚነት እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ፣ ጋሼ፣ እንዳታስቸግረኝ።»

ያ ቅዳሜ ይኼው፣ እንቁላሉ የተበላበት ቀን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቤቱ የጦር ሰፈር ሆኗል። እናቱ ዕድሜ ልካቸውን ለልጃቸው የሰጡት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ብላ!» የሐኪም ቤቱ የምግብ ባለሙያ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ «እማማ፣ ሳያደቅ ከዋጠ ያመዋል» ካለቻቸው ቀን ጀምሮ ግን፣ ሥልጣናቸውን ሳይለቁ ትእዛዙን ብቻ ለወጡት።

«አኝክ!»

«አኝኬዋለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«አላኘክም። ጉሮሮህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ምራቄን ነው የዋጥኩት!»

«ምራቅህንም አኝከው!»

ሥጋና እንቁላል ይቀድማል፤ ዳቦ ቦታ ከተገኘለት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ አይገኝለትም። ከምግብ ጋር ውኃ ክልክል ነው፤ ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው ከተጠጋ እማማ ይማርኩታል። ጣፋጭማ የታወቀ ጠላት ነው። አንዴ ከልጅቱ ኬክ ሰርቆ ቀምሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሶፋው ላይ ተዘረረ፤ ድሮ ምስጢር በሆድ ይያዝ ነበር፣ የእሱ አዲስ ሆድ ግን ለምስጢር የሚሆን ቦታ የለውም።

ልጅቱ ደግሞ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አሠልጣኝ ሆናለች። ቤታቸው ከሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩም ሹፌሩ በተሳፈረበት ቁጥር ማቃሰት ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሩ ደረጃውን ሲወጣ በየወለሉ እያረፈ፣ ግድግዳ ተደግፎ እያወራ፣ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ወዳጅ ሆነ። አሁን ሳያርፍ ስለሚወጣ ጎረቤቱ «ኮራብን» እያለ ያማዋል።

ታዲያ ምን ያህል ቀነሰ? አያውቅም። ከሚዛን ጋር የቆየ ጠብ አለው። ሐኪም ቤት ሲመዘን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ «ለእኔ እንዳትነግሪኝ!» ይላል። ባለሙያዋ «በጣም ጎበዝ» ትለዋለች፤ ይህን ለሁሉም ነው የምትለው ብሎ ያምናል። ሰው «ቀጠንክ» ቢለው አይሰማም፤ ድሮ በር ሲጠበው «አማረብህ» ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ደንበኞቿን የምታቆምበትን ረጅም መስተዋትም እንደተጣላ ጎረቤት ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፈው።

የሚያምነው ዳኛ አንድ ብቻ ነው፤ ግራጫው የሹፌር ሱሪው። ሱሪ ይሉኝታ የለውም፣ አያቆላምጥም። ይህ ዳኛ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ ፍርዱን አልለወጠም፤ ያው ጥብቅ ነው።

ስለዚህ ልጅቱ «በል እንግዲህ አባዬ፣ ተነስ፣ ወደ ድሉ!» ብላ ፊሽካዋን ስትነፋ፣ ሹፌሩ ማንኪያዋን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አልሄድም» አለ።

የእማማ ጭብጨባ አየር ላይ ቀረ።

«ወዴት ነው የማትሄደው?»

«ዴፖ። ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀ ሄጄ ላስጮኸው? እዚያችው መስኮቴ ውስጥ ቲኬቴን ልሽጥ።»

«አባዬ! ትናንት ደረጃውን በሩጫ ነው እኮ የወጣኸው!»

«ሳንባ ሌላ፣ ሆድ ሌላ። እኔ በወሬ አልታለልም፤ ማስረጃ አለኝ።» ተነስቶ አውራ ጣቱን በሱሪው ወገብ ሊያስገባ ታገለ፤ ጣቱ አልገባም። «ይኸው! በፊትም አይገባም፣ ዛሬም አይገባም። ያ ሁሉ ማኘክ፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ አንዲት ጣት ማስገቢያ አላስገኘም። እነዚያ ሐኪሞች የቆረጡት የሌላ ሰው ጨጓራ ነው!»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሚስቱ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች።

«የቱን ሱሪ ነው የምትለው?»

«ይኼን ነዋ! የሥራ ሱሪ ስንት አለኝ?»

«እሱን እኮ በተኮስኩት ቁጥር አጠብበዋለሁ።»

 የልጅቱ ፊሽካ ከአፏ ወደቀ።

«ምን ታደርጊዋለሽ?» አለ ሹፌሩ።

«አጠብበዋለሁ! ምነው? የልብስ ሰፊ ባል ሱሪው ተንዘላዝሎ መንገድ ይውጣ? ደንበኞቼ ምን ይሉኛል? ሲላላ አያለሁ፣ ያዝ አደርገዋለሁ። እጄ ነው የሚሠራው፣ እኔ ልብም አልለው።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ። በየሳምንቱ ይሆናል።»

«በየሳምንቱ!» ሹፌሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፣ መልሶ ተነሳ። «እኔ እዚህ በሐዘን ሳልቅ አንቺ እኔን እየሰፋሽኝ ነው?»

«እንዴ፣ አትነግረኝም ነበር?»

«ሱሪ ጠበበኝ ብዬ ለማን ልናገር?»

«ለእኔ! ሰፊ አግብተህ የለም እንዴ!»

«ኧረ ጉድ!» አሉ እማማ፣ አንዱን ሲያዩ፣ ሌላውን ሲያዩ። «ሁለቱም እኩል ናቸው። ፈልጎ ነው ያገኛት።»

«አውልቀው» አለች ሰፊዋ።

ሹፌሩ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ኋላ ገብቶ ሱሪውን በላይ ወረወረላት። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ላዩ ሱሪ፣ ውስጡ ጥቅል ጎመን ነው፤ እጥፋት በእጥፋት ላይ፣ ስፌት በስፌት ላይ ተደርቧል። ምላጯን አንስታ ክሩን ትተረትረው ጀመር። ጠር፣ ጠር፣ ጠር። በተረተረች ቁጥር ሱሪው እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ወረደ። ልጅቱ እየሳቀች ጫፉን ይዛ ወለሉ ላይ እንዳይጎተት ትሮጣለች። ሲያልቅ በመጋረጃው ላይ መልሰው ጣሉለት።

ልጅቱ ወደ መጋረጃው ተጠጋች።

«አባዬ? አለህ?»

መጋረጃው ተገለጠ። ሹፌሩ የሱሪውን ወገብ በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። አንድ እጁን ለቀቀ፤ ሱሪው ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሁለተኛውን ሊለቅ ሲል እማማ ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጅቱ ከሶፋው ላይ ትራስ አንስታ በሆዱና በሱሪው መካከል ከተተች፤ ገባ። ሁለተኛ ትራስ ጨመረች፤ እሱም ገባ። ሹፌሩ ዘወር ሲል ከረጅሙ መስተዋት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ትራሶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ወለሉ ላይ ጣላቸውና ቆሞ ቀረ።

«ማነው ይኼ?» አለ።

«አንተ ነህ!» ብላ ልጅቱ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ጮኹ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ፤ ሹፌሩ በእግሩ መለሰለት። ሱሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሚስቱን አቅፎ አነሳት፣ እናቱን ሳማቸው፣ ሊዘል ፈልጎ ሱሪው አስጠነቀቀው።

ድንገት ግን ያ የተተረተረው ጨርቅ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ይኼን ሁሉ ትርፍ ለምን ሳትቆርጪው ቀረሽ?»

ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አስተካከለች። «ሰፊ ትርፍ ጨርቅ አይቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፎ ያቆየዋል። ሰው ዛሬ ይቀጥናል፣ ነገ...» ብላ አቆመች።

«ነገ ይመለሳል።»

«ለደንበኛ ሁሉ እንዲሁ ነው የማደርገው።»

«እኔ ደንበኛሽ ነኝ?»

በዚያ ረፋድ ደስታ ትንፋሹን የያዘው ያኔ ብቻ ነበር። ሰፊዋ ወገቡን በሜትሯ ለካች፤ ሱሪውን እንዲያወልቅ ወደ መጋረጃው ኋላ ገፋችውና ሲወረውርላት ትልቁን መቀስ አነሳች። ሙያውን ያስተማረቻት ሴት በሕይወቷ ያልፈቀደችውን ነገር ልታደርግ ስለሆነ እጇ ትንሽ ዘገየ።

«ቁረጪው!» አሉ እማማ።

ቆረጠችው። ግራጫው ጨርቅ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እንደ እሳት አደጋ ሹፌር እየነዳች አዲሱን ስፌት ዘለቀችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሱሪውን ደረቱ ላይ ወረወረችለት።

«ይኸው። ከእንግዲህ መመለሻ የለህም። ብትወፍር ራቁትህን ነው የምትሄደው።»

አራቱም በእግራቸው ወጡ። እማማ ከፊት፣ ፊሽካ የያዘችው ልጅ ከኋላ። አሳንሰሩን ማንም አልጠራውም።

ዴፖው ውስጥ የሥራ ፈት እጥረት አልነበረም። መካኒኮቹ በዘይት እጃቸው፣ ተተኪው ጎረምሳ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ኃላፊውም ሆዱን ከኮቱ ፊት አስቀድሞ ቆመዋል።

«ጋሼ ክላክስ መጣ!» ተባለ።

ሹፌሩ ሰላምታ አላበዛም። የአውቶቡሱን ሁለት ደረጃ ወጥቶ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ያልታሰበ ነገር አደረገ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበው። ለዓመታት በእሱ እጅ በዚያ አቅጣጫ ሄዶ የማያውቀው ወንበር ሐዲዱ ላይ ጓ! አለ። ቀበቶውን ሲያስር ጫፉ ተርፎ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ። መሪውን ወደ ግራ አዞረ፣ እስከ ጥጉ። ዝም። ወደ ቀኝ አዞረ፣ እስከ ጥጉ። ዝም። ከሆዱ እስከ መሪው ድረስ አየር ብቻ ነበር፤ ብዙ፣ የሚያምር አየር።

የዴፖው ሰው በሙሉ በአንድ ላይ ጮኸ። ልጅቱ ፊሽካዋን እስኪሰነጠቅ ነፋች። ተተኪው ጎረምሳ እንኳን፣ የተሸነፈው እሱ መሆኑን ረስቶ፣ አጨበጨበ።

«ቆይ! ቆይ!» አለ ኃላፊው። «ክላክሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ውረድ እስቲ፣ እኔ ራሴ ልይ።»

ሹፌሩ ወረደ። ኃላፊው እየተነፈሰ ወጣና ወደ ፊት በተሳበው ወንበር ላይ ራሱን ጠቀጠቀ። መሪውን ገና ግማሽ ሳያዞር ክላክሱ ዴፖውን ለሁለት ሰነጠቀው። ለማጥፋት ጎንበስ ሲል ባሰበት። ሰዉ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አይዞህ» አሉት እማማ ደረጃው ሥር ጠጋ ብለው። «ጥሩ ሐኪም ቤት እናውቃለን።»

ሁለት መካኒኮች ጎትተው አወጡት። ኮቱን አስተካክሎ ግርማውን ሰበሰበና ቁልፉን ከጎረምሳው ተቀብሎ ለሹፌሩ ሰጠው። «ክላክሱ ይሠራል። አልፈሃል። ሰኞ ጠዋት ትጀምራለህ።»

ሹፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ተመልሶ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ።

«በቃ እኮ ጋሼ፣ ሰኞ ነው። ውረድ።»

«አልወርድም።»

ሚስቱ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን እየሠራህ ነው፣ አባዬ?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ሰውዬ» አለ ኃላፊው፣ «ሞተሩ ጠፍቷል፣ ተሳፋሪ የለህም፣ ዴፖው ሊዘጋ ነው፣ የምትሄድበት ቦታ የለም። ለምንድነው የማትወርደው? አንድ ምክንያት ስጠኝ!»

ሹፌሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳርፎ፣ በሆዱና በመሪው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በፈገግታ አይቶ፣ በፊት መስታወቱ አሻግሮ ተመለከተ።

«አልናገርም» አለ።