ከደብተሩ ጠርዝ የተሰመረው መስመር

«ወይ እህቴ! ወይ እህቴን!» እያሉ ከታች ሰፈር የመጡት ወንዶች የሱፍ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከውስጥ መልስ ይጠብቃሉ። በእኛ ሸለቆ ደንብ ለቀስተኛ ከውጭ ሲያለቅስ የቤቱ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙረው በሙሾ ይመልሱለታል። ስሙና ሥራው በሙሾ ካልተነሣ ሰው ሞተ አይባልም፤ ዕቃ ተሰበረ እንጂ።

የሟቿ የሳዳት የወንድሟ ሚስት ናዝጉል ከጉያዋ ወረቀት አወጣች። ከተማ ያደገች ናት፣ ሙሾ የት ታውቃለች? ትናንት ከስልኳ ፈልጋ ገልብጣው ነው። ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ዘጠኝ ወንድ የወለድሽ፣ ዘጠኝ ፈረስ ያሰለፍሽ…»

ሴቶቹ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሳዳት አላገባችም፣ አልወለደችም። ፈረስ ስታይ ደግሞ መንገድ የምትቀይር፣ ዕድሜዋን በሙሉ በባለ ጋሪ ሞተር ሳይክል አቧራ ስታስነሣ የኖረች አስተማሪ ነበረች። የለቅሶው አዛዥ የአሮጊቷ የቡሩል ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አይቻልም።

«ተይው ልጄ፣ ተይው» አለች በመጨረሻ። «ሳዳት ይቺን ከሰማች ተነሥታ በቀይ እስክሪብቶ ታርምሻለች።»

«ታዲያ ማን ያልቅስላት እማማ? ሴት ልጅ የላት፣ እህት የላት!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ነገ ከቀትር በፊት ለቀብር ትወጣለች። ዝም ተብላ ከወጣች ነውሩ የሁላችንም ነው።»

በሩ አጠገብ ሻይ የምትቀዳው ዙራ ይህን ስትሰማ ሲኒው ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሱፍ ምንጣፍ ትሠራለች፣ ምንጣፏንም ሦስት መንደር ይሻማበታል። ሳዳት ከሞተች ጀምሮ ከዚህ ቤት አልወጣችም። ሻይ እየቀዳች ሙሾውን በልቧ ስታወርድ ሰንብታለች። ግን ዘመድ አይደለችም። ሙሾ የሚያወርደው የቤት ሰው ነው፤ እንግዳ ሻይ ይጠጣል፣ ከቀብር በኋላ ከሟች ቤት የሚሰጠውን የጨርቅ ቁራጭ ተቀብሎ ይሄዳል። የቤት ሰው ጨርቁን ቀድዶ ያድላል እንጂ አይቀበልም። ዙራም እንደ ጎረቤቶቿ ቁራጯን ይዛ እንደምትሄድ ታውቃለች።

ሌላም ነገር አለ። ዙራ ማንበብ አትችልም። ይህን መንደሩ አያውቅም። ገበያ ላይ ወረቀት ሲሰጧት «መነጽሬን ረስቼ» ትላለች፤ ለዚህ ብላ የገዛችው መነጽር ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ነው።

ሳዳት ግን ታውቅ ነበር።

ዙራ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ሳዳት ከሁሉ ፊት አቁማ አስነበበቻት። ፊደሎቹ አንድ ቦታ አልቆም አሉ። ዙራ የመጀመሪያውን ቃል ስትይዘው ሁለተኛው ያመልጣታል። ክፍሉ ሳቀ፤ አንዱ «ድንጋይ!» አለ፤ ስሙም ተጣበቀባት። ወጥታ ሮጣ የበጎች በረት ውስጥ ገብታ ተደበቀች። በማግስቱ ሳዳት በዚያ ሞተር ሳይክል እየተንገጫገጨች መጣችና ከበጎቹ መሐል ገብታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። «እግሩ የተሰበረን ልጅ ሩጥ እንደ ማለት ነው ያደረግሁት። ይቅር በይኝ።»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት ለዙራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳዳት አንድ ጥናት የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በሦስቱ መንደሮች እየዞረች መማር የሚከብዳቸውን ሃያ ስድስት ልጆች መዘገበች። ስንት ፊደል ታውቃላችሁ አትልም። በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትቀመጣላችሁ? ስታፍሩ የት ትሄዳላችሁ? ማን ለጨዋታ ይጠራችኋል? እያለች ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፤ መልሱ «ከውሻዬ ጋር» ሲሆን እንኳ አትስቅም። አንድ ጊዜ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ድረስ ወርዳ ለምሁራን ብታቀርበው «የንባብ ውጤታቸው የታለ?» አሏት። «ንባቡን እናንተ ለኩ። እኔ የምለካው ብቸኝነትን ነው» ብላቸው ተመለሰች። ወረቀቷን አልተቀበሏትም። እሷንም አልደነቃትም፣ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን፣ በቀብሩ ማለዳ፣ ናዝጉል ዓይኗ አብጦ መጣች። ወረቀቱን እንደ አዲስ ጽፋዋለች፤ ዘጠኙ ወንዶችም ዘጠኙ ፈረሶችም ወጥተዋል። ድምጿ ግን ከሁለት ቀን ለቅሶ በኋላ ተዘግቷል።

«ዙራዬ፣ አንቺ ትወጃት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «እማማ ቡሩልም ፈቅዳለች። ከኔ ወረቀት ላይ ብቻ አንብቢልኝ፣ በሞቴ!»

ወረቀቱ ዙራ እጅ ገባ። ፊደሎቹ ያው እንደ ድሮው መርመስመስ ጀመሩ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ።

«መነጽሬን…» አለችና አቆመች። ሳዳት ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች። እሷ ባለችበት ድንኳን ውስጥ መዋሸት አቃታት።

«ማንበብ አልችልም» አለች ጮክ ብላ። «ድሮም አልቻልኩም። ከእትዬ ሳዳት ልጆች አሥራ አንደኛዋ እኔ ነኝ። ያለ ወረቀት ከሆነ ግን አለቅስላቸዋለሁ።»

አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ናዝጉል ፊቷ ቀላ። ቡሩል ግን ዓይኗን ከዙራ ላይ አላነሣችም። ክፋት የላትም፤ ደንብ ነውና መጠየቅ አለባት።

«ወረቀት ማንበብ ሌላ፣ ከራስ አውጥቶ ማልቀስ ሌላ። እሱ የሥጋ ዘመድ ነው የሚሆነው። አንቺ ምኗ ነሽ ልጄ?»

ዙራ ትንሽ አሰበች።

«እትዬ መስመር አስምረውልኛል» አለች። እንዲህም ብላ ነገረቻቸው።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሳዳት ሰፊውን ደብተሯን ዘርግታ አንድ ሥዕል አሳየቻት። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ክብ ነው፤ ልጆቹ ጓደኛዬ ብለው ወደመረጡት ልጅ ደግሞ መስመር ይሄዳል። ወደ አንዱ አምስት መስመር ደርሷል፣ ወደ ሌላው ሁለት። ዙራ እንዲህ ያለውን ማንበብ ትችላለች፤ የምንጣፍ ጥለት ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ያለበትን ክብ ፈልጋ አገኘችው። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል።

«ወደኔ ማንም አልመጣም» አለች።

ሳዳት ደብተሩን ወደ ራሷ አዞረች። ከዚያ ቀይ እርሳስ አነሣችና ከደብተሩ ጠርዝ፣ ምንም ክብ ከሌለበት፣ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ድረስ ረጅም መስመር ሳበች።

«ይሄ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ተመራማሪ በሥራው ውስጥ እጁን አያስገባም ይላሉ። በቃ፣ ገጹ ተበላሸ። ይበላሽ!»

በሚቀጥለው ሳምንት አራት ልጆች በሞተር ሳይክሉ ጋሪ ጭና የዙራ እናት ቤት አመጣች፤ ሱፍ መቁረጥ ከዙራ እንዲማሩ። ዙራ የበግ ቀንድ ጥለቱን ቀድማ ሳትስለው በመቀስ ስታወጣው ያ «ድንጋይ» ያላት ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቁጥር ሦስት መስመር መጣ።

ዙራ ነግራ ጨረሰች። ቡሩል ከተቀመጠችበት ከግድግዳው ሥር ፈቀቅ አለችና ባዶውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

ከውጭ «ወይ እህቴ!» የሚል የወንዶች ድምፅ ተሰማ። ዙራ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሙሾውን አወረደችው።

«ፊደል ሲሸሸኝ፣ ሰው ሲሸሸኝ፣
አንቺ ነሽ በእርሳስ የያዝሽኝ።

ማን ከማን ጋር እንደበላ፣ ማን ብቻውን እንደዋለ፣
ካንቺ ወዲያ ማን ጠየቀ? ካንቺ ወዲያ ማንስ አለ?

አልወለደችም ይሉሻል፣ ሳይቆጥሩ ልጆችሽን፤
ሃያ ስድስት ነን፣ ቆመናል፣ ክፈቺልን ደጅሽን።»

ውጭ ከቆሙት መሐል አንድ ጎርናና ድምፅ «አቤት!» አለ፣ ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ልጅ። ከሃያ ስድስቱ ልጆች አንዱ የነበረው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀጥሎም ሌላ «አቤት!» ከወዲያ በኩል ተሰማ። የሳዳት ወንድም ኦሮዝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንባውን ውጦ የቆመው ሰውዬ፣ በምርኩዙ ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ሳዳት ከድንኳኑ የወጣችው እንዲህ በስሟ ተጠርታ፣ በሥራዋ ተለቅሳ ነው። ከዚያ የበለጠ የተለቀሰለት ሰው በእኛ ሸለቆ እኔ አላየሁም።

ወንዶቹ ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ሴቶቹ ቀሩ። ቦርሶክ የሚባለው የሊጥ ጥብስ በትኩሱ ከዘይት ወጥቶ ማዕዱ ላይ ተበተነ። ቡሩል ነጭ ጣቃ ጨርቅ አቅፋ መጣችና ናዝጉል እየቀደደች፣ እሷ ስም እየጠራች ማደል ጀመሩ። ከዙራ በቀኝ ለተቀመጠችው ሰጡ፣ በግራ ለተቀመጠችውም ሰጡ። ዙራ እጇን ዘርግታ ነበር። አለፏት።

እጇ ባዶውን ጭኗ ላይ ተመለሰ። ያ ባዶ ሜዳ፣ ያ ብቻውን የቆመ ክብ ትዝ አላት። ቡሩል በረድፉ መጨረሻ ዞር ብላ አየቻት።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ?» አለቻት በቁጣ። «የቤት ሰው ቁጭ ብሎ ይታደላል እንዴ? ናዝጉል እጇ ዛለ፣ ተነሽ እንጂ!»

የቀረውን ጣቃ ጭኗ ላይ ጣለችላት። ዙራ ብድግ አለች። የጨርቁን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ያዘች፣ በሁለት እጇ ሳበችና ቀደደችው።