ሬዲዮ ላይ የቀረ ለቅሶ

ጂቱ ሬዲዮ ትጠላለች። ለቅሶዋን ወስዶ አልመልስ ስላላት ነው።

ወንድሟ ለሚ ከአዳሚ ቱሉ ወደ ባቱ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። ቀብሩ ላይ የሐይቆቹ ድምፅ የሚባለው ሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅረጫውን ይዞ ሴቶቹ መሃል ቆሞ ነበር። ጂቱ አላየችውም፤ ያን ቀን ማንን አይታ። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የትራፊክ ፕሮግራሙ ሲጀምር መጀመሪያ የፍሬን ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጂቱ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለች ትጮኻለች።

ጥቁሯን አወለቀች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ ወደ ዓሣ ንግዷ ተመለሰች። ሬዲዮው ግን ሐዘን አላወጣም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ስታለቅስ ትሰማለች። ገበያ ላይ "ዛሬም አለቀስሽ እኮ" የሚሏት የማያፍሩ አሉ። እናቷማ ሰዓቱ ሲደርስ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እንዳይሰማት ነጠላዋን አንስታ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። ጂቱ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ብትለምንም የሰማት የለም።

ዘንድሮ አዳማ ላይ የብሮድካስትና የዲጂታል ሚዲያ ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የተካሄደበት ሆቴል ዓሣ የሚወስደው ከጂቱ ነው። በጓሮ በር አስረክባ ልትወጣ ስትል ያ ጩኸቷ ከአዳራሹ በኩል መጣ።

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ድምፁን ተከትላ ገባች። የጣቢያው ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ሜሪ የምትባል ባለሙያ የድሮውን ካሴት ሁሉ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገቡት ለእንግዶች ታስረዳለች። ካሴት ይበጠስ ነበር፣ ይሄ ግን መቼም አይጠፋም ትላለች።

እስከ ዛሬ የጂቱ ተስፋ ካሴቱ አንድ ቀን ይበጠሳል የሚል ነበር።

"ያቺ የምትጮኸው እኔ ነኝ" አለች። "ወንድሜ ለሚ ይባላል። አጥፉልኝ።"

ሜሪ ደነገጠች። አዴ ብላ በአክብሮት እየጠራቻት፣ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ምንም እንደማይጠፋ፣ እሱም ስብሰባ ላይ እንደሆነ ነገረቻት። ጂቱ ወንበር ስባ፣ ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ሰው በቆመ ቁጥር ያንኑ ትላለች፤ ያቺ እኔ ነኝ፣ ወንድሜ ለሚ ይባላል።

የሟች ስም ተነግሮት፣ ነጠላ የዘቀዘቀች ሴት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ማን አለ? መጀመሪያ ከሐዋሳ የመጣ ካሜራማን "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ጎኗ ተቀመጠ። ከመተሐራ የመጣች አንዲት የፕሮግራም አቅራቢ ተከተለች። ሌሎችም ወንበር እየያዙ መጡ፤ የሻይ ዕረፍቱ ቆሎ ወደዚያው ዞረ። አንድ ፈረንጅ ይሄ የምን ስብሰባ ነው ብሎ ጠይቆ፣ ሲነገረው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። አንዱ ሊቀርጽ ስልኩን ቢያወጣ ጂቱ ዓይኑን እያየች "ይሄንንም ልትወስደው ነው?" አለችው። መልሶ ኪሱ ከተተው።

ኃላፊው አቶ ዲበኩሉ ምን ተፈጠረ እያለ መጣ። ሊቆጣ ነው የመጣው፤ ግን ለቅሶ ላይ ደርሶ ቆሞ የሚቆጣ ሰው የለም። ሁሉም ሲያየው እሱም ተቀመጠ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ" አለ። "መቼ ነው ያረፈው?"

"ድሮ ነው። እንዳይቀበር ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።"

ፕሮግራሙ ሹፌሮችን ለማስተማር ነው ሊል ጀመረ። ጂቱ አላስጨረሰችውም።

"ሹፌር የሚያስተምር ሌላ ድምፅ አታጡም። እናቴ ግን በናንተ ሰዓት ከቤቷ ትሰደዳለች።"

አቶ ዲበኩሉ መሬት መሬት አየ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሱን አፍ ይጠብቃል።

"ካለበት ቦታ ሁሉ ይጥፋ" አለ ለሜሪ።

ሜሪ ፈልጋ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበችና ጣቷን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

"ተይው፣ የኔ ነው" አለች ጂቱ። ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ራሷ ተጫነችው።

ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አቀናች። የቀረበላትን ቆሎ ያኔ ነው የቃመችው። ሚኒባስ ተራ ስትደርስ እናቷ ጋ ደወለች።

"ሃርሜ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቤት አትውጪ" አለቻት። "ሬዲዮ ገዝቼ እመጣለሁ።"