የግራ ጎማዋ ነጭ ነጥብ

በቅሎዋ ጋራዡ ውስጥ ከቆመች ሁለት ወር ሆናት። በቅሎ የሚሏት የጭነት መኪናቸውን ነው፤ አሮጌ ናት፣ መንገድ የሌለበት ተራራ ትወጣለች፣ ድንጋይ ጭና ትወርዳለች። ጎትተው ሲያመጧት የፊት ግራ ጎማዋ እንደተሰበረ እግር ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። እንደዞረ ቀረ። ማንም አልነካትም።

የሚነዳት የቤቱ ወንድ ልጅ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መሪው እምቢ አለው። መኪናዋን ቋጥኝ ያዛት፤ እሱን ግን የሚይዘው አልተገኘም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ አባትየው ባትሪ ይዞ ከመኪናዋ ስር ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የግራውን ኮፒሊያ የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ። ቱታውን አወለቀ፣ ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ከዛ ወዲህ ቁልፍ አልጨበጠም።

ኮፒሊያ እንደ ፀጉር ሽቦ የታጠፈች ቁራጭ ነገር ናት። የመሪው ዘንግ ዳዶ፣ ብሎኑን የሚያስረው፣ ከጠበቀ በኋላ በዘንጉ ጫፍ ቀዳዳ ትገባለች፣ ሁለት እግሯ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፣ አለቀ። እሷ ከሌለች ዳዶው በኮረኮንች ንቅናቄ ቀስ በቀስ ይፈታል፣ ዘንጉ ይወልቃል፣ ጎማው ወደፈለገው ይሄዳል። ዋጋዋ የአንድ ስኒ ሻይ አይሞላም።

ሰው ሁሉ አመነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ታከም ሲሉት «ብረት በእጅ ነው የሚታየው» እያለ እምቢ ያለ ሰው ነው።

ሴት ልጁም አመነች። ዳዶ ይሏታል። ስሟ አይደለም፣ ወንድሟ ያወጣላት ነው፤ አጭር ናት፣ ጠጣር ናት፣ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። አባቷ ስር አስራ አምስት ዓመት የሠራች መካኒክ ናት። «አንቺን የሚያገባ ሰው ከጥሎሽ በፊት ትልቅ ቁልፍ ይግዛ» ይላት ነበር ወንድሟ። ለቅሶው ላይ ዳዶ ራሷ ለአክስቷ በጆሮዋ «ስንቴ ታከም አልነው መሰለሽ» ብላለች። አባቷ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ሰምቷል።

እናትየው ደግሞ ከዛን ዕለት ጀምሮ ለባሏ ቃል አልተነፈሰችም። አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም። ምግቡን በሳህን የመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥና መስታወቱን በጣቷ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። እሱ ከውጭ፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ ይወስዳል። አንዳንዴም አይወስድም፤ ድመቷ ትወስዳለች።

እንዲህ እንዳሉ ባለ ድንጋዩ፣ ተራራውን የሚያስፈነዳው ሰውዬ፣ መኪናዋን ልግዛ ብሎ መጣ። እናትየው ከግቢዬ ትውጣልኝ አለች። አባትየው ግን መሪዋ ሳይሠራ ከበሩ አትወጣም ብሎ ድርቅ አለ፤ የሰው ልጅ አይደል የሚነዳት? ሥራው ዳዶ ላይ ወደቀ።

አሠራሩን ነገራት። ዘንጉንም፣ ጎማውን የሚያዞረውን ክንድም አዲስ ታስገባለች። አሮጌውን ማጠብ አያስፈልግም፣ ፈትታ ወደ ቁርጥራጩ ክምር ትወርውረው። ይሄን ሦስት ጊዜ ደገመላት። ማን ይቆልፍልኛል አለችው። አንቺው ቆልፊው አላት፣ ፊቱን አዙሮ።

ይሄኔ ነው ልቧ ጠርጠር ያለው። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያጠበቀ አይቆልፍም። አንዱ ዳዶውን ካጠበቀ ኮፒሊያዋን የሚያስገባው ሌላው ነው፣ ያንዱን ስህተት የሌላው ዓይን እንዲይዘው። የቆለፈው ደግሞ ዳዶው አጠገብ ክንዱ ላይ ነጭ ቀለም ያደርጋል። የአባቷ ምልክት ሰረዝ ነው፣ የሷ ነጥብ። ምልክቱ ፊርማ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ይሂድ ማለት ነው። ሽማግሌው ከዚህ ሕግ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ምን ነካው?

መኪናዋን በክሪክ አነሳች፣ ጎማውን አወለቀች። አደጋው ዕለት ጠዋት አዲስ ያስገቡት ዘንግ ቋጥኙን ሲመታ ቀስት ሆኗል። ጫፉ ላይ የኮፒሊያዋ ቀዳዳ ንጹህ ነው፣ አልተጫረም፤ ምንም ነገር ገብቶበት አያውቅም። ክንዱን ፈትታ አወረደች። ይጣል የተባለውን አልጣለችውም። ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክራ በብሩሽ አሸችው።

ሰረዙ ወጣ። የአባቷ ነጭ ሰረዝ፣ ትንሽ የተንጋደደ። እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ራሱ አሳፈራት።

ከዛ ጣቷን አሳለፈችበት። ከሰረዙ ስር ያለው ብረት ሻካራ ነው። በሞረድ ተፍቋል። ሞረዱ ያልደረሰበት ጥግ ላይ፣ እንደ ጥፍር ጨረቃ፣ ግማሽ ነጭ ነጥብ ቀርቷል።

ክንዱን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያ ጠዋት ቁልጭ ብሎ መጣ። አባቷ የቀኙን አጠበቀ፣ እሷ ቆለፈች፣ ነጥቧን አደረገች። ወደ ግራው ዞሩ። እሱ አጠበቀ። ብሩሹ ቀለም እንደጠገበ እጇ ላይ ነው፤ ከሚደርቅ ብላ ነጥቡን አስቀደመች። ኮፒሊያዋን ልታነሳ ስትል ወንድሟ በመኪናዋ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ዳዶ፣ አንቺ ቀብተሽ እስክትጨርሺ ተራራው አልቆ ሜዳ ይሆናል!» ሳቀች። ብሩሹን ወደሱ አራገፈችበት፣ ሸሚዙ ላይ ነጭ ጠብ አለ፣ እየተሳደበ ሞተሩን አስነሳ። አባቷ ጎንበስ ብሎ በዛ በደከመ ዓይኑ ነጩን ነገር አየ። ምልክት ካለ ተቆልፏል። ጎማውን ገጠሙ፣ ይሂድ አለ።

ታውቀው ነበር ማለት አይደለም። አታውቀውም ነበር ማለትም አይደለም። አባቷ እኔ ነኝ ሲል ማመኑ ቀለላት።

ሽማግሌው ከጋራዡ ጀርባ፣ የተደፋ ሳጥን ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ በሞረድ የፋቅከው አንተ ነህ?»

«ጣይው ብዬሽ ነበር» አለ።

«ግማሹ ቀርቷል።»

«ሞራው ነው» አለ ዓይኑን እየነካ። «ሁሉንም የጨረስኩት መስሎኝ።»

ከደረት ኪሱ ብጣሽ ጨርቅ አወጣና ፈታው። ውስጡ ኮፒሊያ አለች። እግሯ ቀጥ እንዳለ ነው። መኪናዋ በወጣችበት ጠዋት ቆማበት ከነበረው መሬት ላይ ነው ያገኛት፣ ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይመጣ።

ለምን አለችው።

«አንድ ልጅ ቀበርኩ» አለ። «ሁለተኛዋን በቁሟ ልቅበር? እኔ የቀረኝ ሁለት ቀን ናት፣ ቢጠሉኝም ስንት ይጠሉኛል። አንቺ ገና ብዙ ትኖሪበታለሽ።»

«እማዬስ?»

«እናትሽ የምትቀየመው ሰው ያስፈልጋታል። እኔ እችለዋለሁ። ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

ሳህኗ ትዝ አለቻት። ኳ ኳ የሚለው መስታወት፣ ድመቷ። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ከእናቷ ጋር ጠረጴዛ ላይ ስትበላ እሱ እዚህ ነው። ለአክስቷ በጆሮዋ ያለችውም ትዝ አላት። ኮፒሊያዋን ከመዳፉ አነሳች። ሊያስቀራት እጁን ዘረጋ፣ ግን ወዴት እንደሄደች አላየም፣ አየር ጨበጠ።

እናትየው መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን ሸሚዞች ታጥፋለች። በየሳምንቱ ታወጣቸዋለች፣ የታጠፉትን ፈትታ መልሳ ታጥፋቸዋለች። ጭኗ ላይ ያለው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ቀለም ያለበት ነው። ደሙ በእጥበት ለቋል፤ ቀለሙ አልለቀቀም።

ዳዶ ኮፒሊያዋን ሸሚዙ ላይ አስቀመጠች።

«የግራውን መቆለፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልቆለፍኩትም። አባዬ ለኔ ብሎ ነው የዋሸው።»

እናቷ አልጮኸችም። ኮፒሊያዋን በሁለት ጣቷ አነሳች፣ አገላበጠች፣ ቀጥ ያሉትን እግሮች በጥፍሯ ነካች። ከውጭ የሽማግሌው ሳል ተሰማ።

«አባትሽ ምሳ በልቷል?» አለች።

«አልበላም።»

ተነሳች። ሸሚዙ ከጭኗ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጇን ሳታያት በአጠገቧ አለፈች፣ ምድጃው ጋ ሄደች፣ በሳህን ጨለፈች። መስኮቱ ደፍ ላይ አላስቀመጠችውም። በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች። ውጭ ድምጿ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፤ ምን እንዳለችው ከዚህ አይለይም። ለዳዶ ግን ምንም አላለቻትም። የዛን ቀንም፣ በማግስቱም።

ዳዶ ጎንበስ ብላ ሸሚዙን አነሳች። እናቷ እንደምታጥፈው ልታጥፈው ሞከረች። እጇን አልታጠበችም ነበር፤ ኮሌታው ላይ የጣቷ ግራሶ ታተመበት።