ከወንበር ሥር የሚገባ ቦርሳ

«ልጅቷን እኔው አመላልሳታለሁ፤ መንገዴ ነው።»

«አይ፣ አንተ ደግሞ ምን በወጣህ!»

«ኧረ ምንም ችግር የለውም። ባዶ መኪና ነው የምነዳው።»

«ግዴለም፣ ግዴለም። እግዜር ይስጥልን።»

«እንግዲያው ይሁን» አለ ሰውየው። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ።

አርዲስ ይህን የሰማችው በልጅነቷ፣ ከእርሻ ቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። ሰውየው ማን እንደነበረ ዛሬ አታስታውሰውም። ሊያመላልሳት ያሰበው ለፒያኖ ትምህርት ይሁን ለመዝሙር ልምምድ እንጃ። «ልጅቷ» የተባለችው እሷ ትሁን ታናሿ ላቮን፣ እሱም አልተለየላትም። ያልጠፋት እምቢ ስትል የነበረችው እናቷ ናት። እናቷ የሳህን ፎጣ በእጇ እንደያዘች መስኮቱ ጋ ቆማ፣ መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ስታየው ነበር። ፊቷ የቅር መሰኘት ፊት ነበር። በዚያ አገር ሰው አንድ ነገር ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው እሺ ይላል። ሰውየው ለሦስተኛው አልቆመም።

አርዲስ ትቬት አድጋ፣ አግብታ፣ አርጅታም ከዚያው ከሚኒሶታ ምዕራብ ጫፍ አልወጣችም። ይሉኝታዋም አብሯት አረጀ። ጸሎቷ ሳይቀር «ጌታ ሆይ፣ ካላስቸገርኩህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ባሏ ዱዌን በጸደይ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ሆነ። በረዶው መውረድ ሲጀምር ደግሞ ጎረቤትም ከየቤቱ አይወጣም። ላቮን ከዴንቨር ስትደውል አርዲስ ስልኩን ያነሳችው ገና በመጀመሪያው ጥሪ ነበር። አንስታ ግን እንደ ሰው ወግ ትንሽ ቆይታ ነው «ሃሎ» ያለችው።

«ጉልበቴን ሊቀይሩልኝ ነው» አለች ላቮን። «መጥተሽ አጠገቤ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።»

«እኔ መጥቼ ምን እረባሻለሁ?»

«ትረቢኛለሽ።»

«ከእግራችሁ ሥር እየገባሁ እንዳላስቸግራችሁ።»

«ኧረ ነይ እባክሽ! ትኬቱን ልጄ ትሬንት ይቆርጥልሻል።»

«እንግዲያው እሺ።»

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ላቮን አልተናገረችም፤ አርዲስም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። በልቧ ግን አንድ ነገር ተመኘች፤ «በረዶው እስኪያልፍ እኛ ጋ ቆዪ» እንድትባል። ተመኝታም ትልቁን ሻንጣ ከምድር ቤት አወጣች። በጸደይ የሚለበስ ቀሚስ ሳይቀር ከተተችበት።

ትኬቱ በስልኳ ሲደርሳት መነጽሯን አድርጋ ያነበበችላት የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራዋ ማይርና ናት።

«ምን ይላል መሰለሽ፤ ‹የእጅ ሻንጣ አይፈቀድም። ከፊት ለፊት ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ።› ከሁሉ ርካሹ ዓይነት ነው።»

አርዲስ ዞር ብላ የሞላውን ትልቁን ሻንጣ አየች።

«ምነው?»

«ነገረችኝ እኮ።»

«ማን?»

«ላቮን። ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ ነይ ማለት ቶሎ ተመለሺ ማለት ነው። በአፏ ማለቱ ከብዷት በትኬቱ ነገረችኝ።»

ሌላ አገር ያለ ባልንጀራ ይስቅ ነበር። ማይርና ግን የዚያው አገር ሰው ናትና ነገሩን አጥብቃ አሰበችበት። «እውነትሽን ነው መሰለኝ» አለች በሐዘን። «የመመለሻ ቀን ግን አልተጻፈበትም።»

«እሱማ ትሕትናቸው ነው። ቀኑን ራሷ ትምረጥ ብለው ነው።»

«እሱም አለ» አለች ማይርና።

አርዲስ ያን ቀን ሻንጣውን አራግፋ ወደ ምድር ቤት መለሰችው። ለጥቂት ቀን የሚሆን ልብስ፣ መድኃኒቷንና የጸሎት መጽሐፏን በትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከተተች። እህቷን አልተቀየመችም። ጨርሶ ካለመጠራት ጥቂት ቀን ይሻላል ብላ ስለ ጥቂቱም ቀን አመሰገነች።

በጉዞዋ ቀን ማይርና እስከ ፋርጎ አውሮፕላን ማረፊያ ነድታ አደረሰቻት። ስታወርዳት ከኋላ ወንበር አንድ የጨርቅ ከረጢት አነሣች። «ለላቮን ነው» አለች። «የድንች ቂጣ አለበት። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የሠሩላት ሹራብ ሻርፕም አለ።»

«ኧረ ማይርና!»

«ያዢው።»

«አይሆንም፣ ምን ስትይ ደከምሽ!»

«ያዢው ብያለሁ።»

ያዘችው። ማይርና ከሄደች በኋላ ነው አንድ እጇ ላይ ቦርሳው፣ ሌላው ላይ ከረጢቱ እንዳለ ልብ ያለችው። ትኬቱ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ነው።

ፍተሻውን እንደምንም አለፈች። መሳፈሪያው በር ላይ ትኬት የሚያየው ረጅም ጎልማሳ ነበር፤ ደረቱ ላይ ቴሬል ተብሎ ተጽፏል። ከደቡብ፣ ከሜምፊስ ወደዚህ ከመጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው። አጠገቡ ብሪታ የምትባል የአካባቢው ልጅ አብራው ትሠራለች።

«እናቴ፣ ሁለት ነው የያዙት» አለ ቴሬል። «በዚህ ትኬት አንድ ነው የሚፈቀደው። ወይ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ወይ ተከፍሎበት ወደ ታች ዕቃ ክፍሉ ይወርዳል።»

«ይቅርታ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጥፋት የለብዎትም። ላግዝዎት?»

«አይ፣ ግዴለም።»

«እሺ» አለ ቴሬል። ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

አርዲስ ከሰልፉ ወጥታ ጥጉ ጋ ቆመች። ቦርሳውን ከፈተች፤ ቂጣውን አስገብታ ሞከረች፤ ዚፑ አልዘጋ አለ። መልሳ አወጣችው። እርዳታውን እንዳልፈለገችው አልነበረም፤ እየጠበቀችው ነበር። ሰልፉ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አላጉረመረመም፤ ሁሉም በጨዋ ደንብ የገዛ ጫማውን ያያል። ቴሬልም ቀና ብሎ አላያትም፤ እምቢ ብላዋለችና።

አርዲስ ከረጢቱን ወንበር ላይ ትታው ልትገባ አሰበች። የሴቶቹ ሹራብ ግን አሳዘናት። «ጌታ ሆይ፣ ካላስቸገርኩህ» ብላ ጀመረች።

ያን ጊዜ ብሪታ ወደ ቴሬል ጠጋ አለች። «ለምን አታግዛቸውም?»

«ጠየቅኋቸው እኮ! አይ አሉኝ።»

«ስንቴ ጠየቅኻቸው?»

«እንዴት ስንቴ? ሰው አይ ካለ አይ ነው!»

«እዚህ አይደለም። ሁለቱ ለወግ ነው፤ በሦስተኛው ነው የሚመልሱልህ።»

ቴሬል እያሾፈችበት እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። አላሾፈችም። እየተንጎማለለ ወደ አርዲስ መጣና እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

«እናቴ፣ ላግዝዎት? ላግዝዎት? ላግዝዎት?»

አርዲስ ለመጀመሪያው አፏን ስትከፍት ሦስተኛው ደረሰባት። «ካላስቸገርኩህ» አለች፤ ሳቋ አመለጣት።

«አሁን ተግባባን! የለበሱት ካፖርት የማን ነው? ድንኳን ያክላል።»

«የባለቤቴ። ሐይቁ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድበት ነበር።»

«ኪስ አለው?»

«ኪስማ ሞልቶታል።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ሕጉ የሚቆጥረው የያዙትን ነው፤ የለበሱትን አይቆጥርም። ሻርፑን አንገትዎ ላይ ይጠምጥሙት። ይሄ ምንድን ነው፣ የሚበላ ነው?»

«የድንች ቂጣ።»

«ተጣጥፎ የለ! የውስጥ ኪስ ይግባ።»

ቂጣው በዱዌን ካፖርት ውስጥ ግራና ቀኝ ተደልድሎ ገባ። ባዶው ከረጢት ተጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ገባ፤ ዚፑም ተዘጋ። ከሰልፉ መጨረሻ የቆሙት ሽማግሌ «ይኸው፣ ወፈር አሉ እንጂ ቦርሳዎስ አንድ ነው!» አሉ። ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

አርዲስ ትኬቷን ስታሳይ ሳታስበው ጥያቄው ከአፏ ወጣ። «ልጄ፣ ይሄን ትኬት ሰው ለማን ነው የሚቆርጠው? ብዙ እንዲቆይ ለማይፈልጉት እንግዳ ነው?»

ቴሬል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቁን ዋጠ፤ ዓይኗን አይቶ ነበርና። «ማነው የቆረጠልዎት?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ወጣት ነው? እናቴ፣ ወጣት አያነብም። ስልኩ ከሁሉ ርካሹን ከላይ ይደረድረዋል፤ እሱ የላይኛውን ይጫናል፤ በቃ። እኔ የወለደችኝን እናቴን በዚሁ ትኬት ነው የማመላልሳት። ስትመጣ ደግሞ ባትመለስ ደስ ይለኛል።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። ጥርጥር ካለዎት ደግሞ እህትዎን ይጠይቋት።»

«እሱማ አይጠየቅም» አለች አርዲስ።

ቴሬል ወደ ብሪታ ዞረ። ብሪታ «አዎ፣ አይጠየቅም» አለችው።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ቦርሳዋ ከፊቷ ካለው ወንበር ሥር ነበር፤ ቂጣው ደረቷ ላይ ይቀዘቅዛታል። አርዲስ ዓይኗን ጨፍና አመሰገነች። ስለ ቴሬል አመሰገነች፤ እናቱን በደህና ያቆይለት አለች። ስለ ብሪታ፣ ስለ ማይርና፣ ኪሱ ሰፊ የሆነ ካፖርት ትቶላት ስለ ሄደው ስለ ዱዌን አመሰገነች። ሳያውቋት አብረዋት ስለ ሳቁት ሰዎችም። ምስጋናው እየተራዘመ ሄደ፤ ደመናውን አልፈው ፀሐይ መስኮቱን ስትመታውም አላለቀም ነበር። ስለ እህቷ ስትደርስ ግን ምን ብላ እንደምታመሰግን ቸገራት። ቴሬል ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ሰውን ለማጽናናት ብዙ ይናገራል። ላቮን የምትፈልጋት ለጥቂት ቀን ይሁን ለረጅም፣ አሁንም አላወቀችም።

ዴንቨር ላይ ላቮን መደገፊያዋን ይዛ ከትሬንት ጋር ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። ላቮን ከካፖርቱ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ሰምታ «ምን ለብሰሽ ነው የመጣሽው?» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ቦርሳው ወረደ። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይቺን ብቻ ነው የያዝሽው?»

«አዎ።»

«ሌላ የሚመጣ ሻንጣ የለም?»

«የለም።»

«እሺ» አለች ላቮን። እሺታዋ ከልብ አልነበረም።

መኪናው ውስጥ ሁለቱ እህትማማቾች ከኋላ ተቀመጡ። ላቮን በመስኮት እያየች «መቼ ነው የምትመለሽው?» አለች።

«እናንተን ባመቻችሁ ቀን።»

«የኛን ተይው። አንቺ ያሰብሽውን።»

«ምንም አላሰብኩም።»

«ቦርሳሽ አስቧል እኮ!»

ትሬንት በመስታወቱ አያቸው። «እማዬ፣ ለአክስቴ ብለሽ ቁም ሣጥኑን በሙሉ ያስለቀቅሽን...»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ!»

አርዲስ የካፖርቷን ቁልፍ ነካካች። «ትኬቱ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሻንጣ አይፈቀድም ይላል። እኔ ደግሞ... አንቺ ያልሽ መሰለኝ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ትንሽ ይዘሽ ነይ ያልሽ።»

ላቮን ልጇን ማጅራቱ ላይ አየችው። «ምን ዓይነት ትኬት ነው የቆረጥክላት?»

«እንጃ! የላይኛውን ነው የተጫንኩት።»

«የላይኛውን! አንተን ብሎ የተማረ! እኔ እዚህ እህቴ ልትሸሸኝ ነው ብዬ...» ላቮን ንግግሯን አልጨረሰችም። አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ አርዲስ ዞረች። «እስከ ፋሲካ ቆዪ።»

«አይ፣ እስከ ፋሲካማ ብዙ ነው። አስቸግራችኋለሁ» አለ የአርዲስ አፍ።

«እሺ፤ እንዳልሽ» አለች ላቮን። መልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ላቮን ከአገሯ ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ያገባችው የኒው ጀርሲ ሰው ነበር፤ በቤቷ አይ ማለት አይ ማለት ከሆነ ቆይቷል። አርዲስ ጠበቀች። መንገዱ ዳር ያለው ነዳጅ ማደያ አለፈ፤ ድልድዩም አለፈ። ሁለተኛው ጥያቄ እንደማይመጣ ገባት። ቀዝቃዛው ቂጣ ደረቷን እንደተጫናት፣ በዕድሜዋ ሙሉ ብላው የማታውቀውን አለች።

«ላቮን።»

«ወይ።»

«አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ።»

«እምቢ አልሽኝ እኮ!»

«አላልኩም። ገና መጀመሬ ነበር።»

ላቮን ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ «አታስቂኝ፣ ያመኛል!» እያለች ሳቀች። ትሬንት ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እንግዲያው ልድገመው?» አለች ላቮን ዓይኗን እየጠረገች።

«ድገሚው።»

«እስከ ፋሲካ ቆዪ፣ እህቴ።»

አርዲስ ልማዷ ጉሮሮዋ ላይ ሲመጣ ተሰማት። ዋጠችው።

«እሺ» አለች። «እስከ ፋሲካ እቆያለሁ።»